የእናቷ አፍ

ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ እናቷ እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ልጇ መለስ አደረገችና፣ «ምን አለ ልጁ?» ብላ ጠየቀች።

«ልጁ» የምትለው ሐኪሙን ነው። ጢሙ በቅጡ ያላቆጠቆጠ፣ ነጭ ጋዋኑ ትከሻው ላይ የሰፋው፣ ግን ክፉ ወሬ ሲናገር ዓይኑን የማያሸሽ ወጣት ነበር። የዚያን ቀን የተናገረው ረጅም አልነበረም። በሽታው ከአንጀቷ አልፎ ጉበቷን ይዟል፤ ማዳን አይቻልም። ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከባድ መድኃኒት ነው፤ ምናልባት ጥቂት ጊዜ ይጨምርላት ይሆናል፣ ግን ያሠቃያታል። ሌላው ሕመሟን የሚያስታግስላት ነገር ይዛ ቤቷ መግባት ነው። «እናትሽ የቱን ትመርጣለች? እባክሽ ጠይቂልኝ» አለ።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

«ጉበትሽ ትንሽ ተቆጥቷል ነው የሚለው» አለች። «መድኃኒት ይሰጡሻል። ትንሽ ያደክምሽና ይሻልሻል።»

እናቷ ሐኪሙን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ልጇን አየቻት። የአንሶላውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ እየዳበሰች፣ «እንግዲያው እንዲህ በዪው» አለች። «መድኃኒቱ ይቅርብኝ። ቤቴ ልግባ። መስኮቴ አጠገብ፣ በራሴ አልጋ ልተኛ በዪው።»

«እማ፣ እንዲህማ አይባልም...»

«በዪው ብያለሁ።»

ልጅቷ ወደ ሐኪሙ ዞረች። በአገሩ ቋንቋ፣ አንድ ቃል ሳይወላገድባት፣ «እሺ ብላለች» አለችው። «መድኃኒቱ ይጀመርልኝ ብላለች።»

እናቷ አንሶላውን መዳበሷን ቀጠለች።

በልጅቷ ላይ ለመፍረድ የቸኮለ ካለ ጥቂት ይታገሥ። እናቷን ከሞት እጅ ልትነጥቅ የቆመች መስሏት ነው፤ አንዲት ቃል ብትለውጥ ምን አለበት ብላ ነው። ደግሞ እሷና ማስተርጎም የትናንት ትውውቅ አልነበራቸውም።

ወደዚህ አገር ሲመጡ ገና አፏን የምትፈታ ሕፃን ነበረች። አባቷ ሞቶ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ትምህርት ቤት በገባች በዓመቱ የአገሩን ቋንቋ እንደ ውሃ ጠጣችው። እናቷን ግን ቋንቋው አልገባ አላት። ቢያንስ ልጅቷ የምታውቀው እንደዚህ ነው። ዳቦ ቤት በጣቷ እያሳየች ትገዛለች። ጎረቤት ሲያናግራት ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ስልክ ሲጮኽ እንደ ትኩስ ድንች ለልጇ ታቀብላለች። «አፌ» ነበር የምትላት። «አፌ፣ ነይ እስቲ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» የቧንቧ ሠራተኛው፣ የቤት አከራዩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሁሉም ከእናቷ ጋር የተነጋገሩት በዚህች የፊት ጥርሷ በወለቀ፣ እግሯ ከወንበር ወርዶ መሬት በማይነካ አስተርጓሚ በኩል ነው።

አድጋ ከቤት ስትወጣም ሥራው አልቀረላትም። ከከተማው ሌላ ጫፍ ትኖራለች፤ የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ጊዜ የላትም። እናቷ ዘንድ የምትሄደው ቀጠሮ ሲኖር ነው። የእናትየው ቀጠሮ ደግሞ አያልቅም፤ አንድ ሰሞን ዓይን፣ አንድ ሰሞን ጉልበት፣ አንድ ሰሞን ጆሮ። «ይህን ሁሉ ዓመት ኖረሽ እንዴት ‹አመመኝ› ማለት ያቅትሻል?» ብላ የጮኸችባት ቀን ነበር። እናቷ ፈገግ አለችና፣ «ደነዝ ነኛ፣ ምን ላድርግ» አለቻት። ልጅቷ በጩኸቷ አፈረች። ለጓደኞቿ ስለ እናቷ ስታወራ ግን ሁልጊዜ፣ «ምስኪን ናት፣ ድምፅ እንኳ የላትም» ነበር የምትለው።

ሆስፒታሉም መጀመሪያ የራሱን አስተርጓሚ ላቅርብ ብሎ ነበር። እናትየዋ፣ «ልጄ ቁጭ ብላ ባዳ የሆዴን ይስማ?» ብላ በልጇ አፍ እምቢ አስባለች። ሐኪሙም ነገሩን ተወው።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ሐኪሙ ያሠቃያታል ሲል አላጋነነም። መጀመሪያ ጸጉሯ ትራሱ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ምግብ አልወርድ አላት። ከዚያ አፏ ቆሰለ፤ ምላሷ ተላጠ፣ ድዷ ነጣ፣ ውሃ እንኳ በማንኪያ ጠብ ሲደረግላት ፊቷን ታጨማድዳለች። ንግግሯ ወደ ሁለትና ሦስት ቃል አጠረ። ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አልጋው ሥር ትውላለች። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ እየተሻለሽ ነው ብለዋል» ትላታለች። ማንም እንደዚያ አላለም። እናቷ ራሷን ነቅንቃ ዓይኗን ትጨፍናለች።

አንድ ጠዋት፣ «ሹራቤን» አለች።

«የቱን ሹራብ?»

«የሥራውን። ሥራ ቦታ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ሄደሽ... አምጪልኝ።»

ልጅቷ ተገረመች። እናቷ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ልጇን ግን አንድም ቀን ድርሽ እንድትል አልፈቀደችላትም። «ሙቀቱ ያፍንሻል፣ ሽታው ልብስሽ ላይ ይቀራል» ትላት ነበር። ልጅቷም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ለማየት ጓጉታ አታውቅም። እናቷ እዚያ ጥግ ይዛ፣ አቀርቅራ፣ ማንንም ሳታናግር ስትሠራ በሐሳቧ ይታያት ነበርና ያንን በዓይኗ ማየት አልፈለገችም።

ማጠቢያ ክፍሉ ሆቴሉ ምድር ቤት ነው። በጓሮ በር ገብታ ደረጃውን ስትወርድ ሙቀቱ ፊቷን ገረፈው። በግራ ማጠቢያዎቹ፣ በቀኝ ማድረቂያዎቹ ያጓራሉ። መሀል ላይ ትልቁ መተኮሻ ማሽን ቆሟል፤ እርጥቡን አንሶላ በፊት ለፊት እየጎረሰ ደረቁንና ትኩሱን በጀርባው ይተፋል። እዚያ ጋ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀበሉታል። አራቱን ጫፍ ይዘው ይወጥሩታል፣ ያጥፉታል፣ አንዷ ወደ ሌላዋ ትራመዳለች፣ ጫፍ ለጫፍ ይገናኙና ደግሞ ይለያያሉ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸውም ይሠራል። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸውና የሚግባቡት በዚህ አገር ቋንቋ ነው፤ ሁሉም በየራሷ ቅላፄ ታጣምመዋለች፤ ማሽኑን ለማሸነፍ ደግሞ ትጮኻለች።

«ማንን ፈለግሽ?» አለቻት አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉሯ ሽበት ብቻ የሆነ ሴትዮ።

«እናቴ እዚህ ትሠራ ነበር። ታማ ተኝታለች። ሹራቧን ልወስድላት ነው። አጠር ያለች፣ ዝምተኛ፣ ቋንቋ ብዙ የማትችል...»

«ዝምተኛ?» አለች ሴትዮዋ። «እዚህ ዝምተኛ አንቀጥርም።» ከዚያ የልጅቷን ፊት ጠጋ ብላ አየችው፤ አገጯን፣ ቅንድቧን። «ቆይ ቆይ! አንቺ የራዲዮ ልጅ ነሽ!» ብላ ወደ ኋላዋ ጮኸች። «የራዲዮ ልጅ መጥታለች!»

መተኮሻው ቆመ። ሴቶቹ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከበቧት። አንዷ ጉንጯን ሳመቻት፤ ሌላዋ እጇን ይዛ አልለቅ አለች።

«ራዲዮ ማን ናት?» አለች ልጅቷ።

«እናትሽ ናታ! ጠዋት የተከፈተች እኮ ሥራ ሲያልቅ ነው የምትዘጋው። እሷ ከቀረች ወዲህ ሰዓቱ አልገፋ ብሎናል።»

ቦርጫም ሰውዬ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ከቢሮው ብቅ አለ። «ያቺ ሴትዮ ስንቴ አፌን እንዳስያዘችኝ ታውቂያለሽ?» አላት። ሲያወራ ግን ደስ ብሎት ነው። «ያን ማራገቢያ አየሽው? እሷ ናት ያስገባችው። አንዷ በሙቀት ወድቃብን ጊዜ፣ እኔን ዘልላ፣ ላይ ሄዳ፣ ሱፍ የለበሱት ሰዎች ስብሰባ መሀል ገባችባቸው። ‹እናንተ እዚህ ስትቀዘቅዙ እኛ ታች እንደ ድንች እንቀቀላለን፤ የበሰልን ቀን ቅቤ ይዛችሁ ውረዱ!› አለቻቸው።» ቃሉን ሲናገር ድምፁን አቅጥኖ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነበር። ሴቶቹ ፈረሱ በሳቅ።

ልጅቷም ለይሉኝታ ፈገግ አለች። ሰውዬው እጁን ወገቡ ላይ ሲያደርግ ግን እናቷን አየቻት። ቤት ውስጥ፣ በራሳቸው ቋንቋ ስትቆጣት ልክ እንዲሁ ነበር የምትቆመው።

«ተሳስታችኋል» አለች። «እናቴ የእናንተን ቋንቋ አትችልም። እኔ ነኝ የማስተረጉምላት።»

ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። እርስ በርስ ተያዩ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በሉ፣ ሥራ፣ ሥራ» እያለ ተመለሰ። ማሽኑ ደግሞ አጓራ። ቀጭኗ ሴትዮ ብቻ አልሄደችም። ከመተኮሻው ጀርባ ትኩስ አንሶላ ስባ አወጣችና ሁለቱን ጫፍ ለልጅቷ አስያዘቻት።

«ያዢ። እጅሽን አጣጥፈሽ ቆመሽ የምትሰሚው ነገር አይደለም። እናትሽ እዚያ ጋ ነበር የምትቆመው።»

ልጅቷ ያዘች። አንሶላው ይፋጃል።

«መጀመሪያ የመጣች ሰሞን እውነትም አትችልም ነበር» አለች ሴትዮዋ እየወጠረች። «አንሶላ ባጠፍን ቁጥር አንዳንድ ቃል እሰጣት ነበር። ዓመቱ ሳይዞር እኔኑ ታርመኝ ጀመር። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ሰው ሆዱን እስኪያመው ታስቃለች። አብዛኛው ጨዋታዋ ደግሞ ስለ አንቺ ነው።»

«ስለ እኔ?»

«ትምህርት ቤትሽ ተጠርታ የሄደች ጊዜ ትዝ ይልሻል? መምህሯ ‹ይህቺ ልጅ ሰው ትማታለች፣ አርፋ አትቀመጥም› ስትል፣ አንቺ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ‹ከክፍሉ አንደኛ ናት አለችሽ› ብለሽ አስተረጎምሽላት። እዚህ መጥታ ስትነግረን በሳቅ ሞትን። ‹ታዲያ ምን አደረግሽ?› ስላት፣ ‹ምን አደርጋለሁ፣ ጫማ ገዛሁላት› አለችኝ።»

ልጅቷ ጫማውን ታስታውሰዋለች። ቀይ ነበር፤ ማሰሪያው ላይ ትንሽ አበባ ነበረው። ይዛው የተኛችበትን ቀን ሁሉ ታስታውሳለች።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለች። «ልጅ እያለሁስ እሺ። ካደግኩ በኋላ ለምን?»

ሴትዮዋ ወደ እሷ ተራመደች። ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ እጆቿን ከነአንሶላው ያዘቻቸው። «እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹ሲያመኝ ትመጣለች፤ ደህና ነኝ ስላት ግን ትደውላለች። እኔ ካወራሁ እሷ ምን ልታደርግ ትመጣለች?› አለችኝ።»

የእናቷ ዓይን፣ ጉልበት፣ ጆሮ። ያ ሁሉ ቀጠሮ። በየመጠበቂያ ክፍሉ ጎን ለጎን የተቀመጡበት፣ እሷ ሰዓቷን እያየች፣ እናቷ እሷን እያየች።

«ይኼን ብቻ ብነግርሽ ደስ ባለኝ» አለች ሴትዮዋ፤ አሁን አትጮኽም፣ ከንፈሯን በማየት ነው ልጅቷ የምትሰማት። «መድኃኒቱ የተጀመረ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አንቺ አልነበርሽም፣ እሷም ገና ትናገር ነበር። ‹ቤቴ ልግባ ብዬ ነበር፤ ልጄ ግን ለሐኪሙ፣ መድኃኒቱን እሺ ብላለች ብላ ነገረችው› አለችኝ። ‹እና አንቺ ዝም አልሽ?› ብዬ ተቆጣኋት። ‹በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላድርጋት?› አለችኝ። እንዳልነግርሽም አስምላኛለች። ይኸው አፈረስኩት።»

አንሶላው ከልጅቷ እጅ ወጥቶ እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረጋ። እንደገና መታጠብ አለበት። ማንም አልተቆጣትም።

ሹራቡ ክርኑ የተጣፈ ግራጫ ሹራብ ነው፤ የሳሙናና የትኩስ ጨርቅ ሽታ አለው። ልጅቷ አውቶቡሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ታቀፈችው። ሰማይ ተደፍቶባታል። የምታውቃት ሴት፣ ያቺ ምስኪን፣ ያቺ ድምፅ የለሽ፣ ለእሷ ብቻ ተብላ የተሠራች ሴት ኖራለች። ሌላይቱን፣ አፈኛይቱን፣ ቦርጫሙን ኃላፊ አፉን የምታስይዘውን፣ አይታትም ሰምታትም አታውቅም። ብትሰማት እንዴት ትወዳት ነበር! እንዴት አብረው በሳቁ! ግን አሁንም ጊዜ አለ ብላ አሰበች። መድኃኒቱን አስቆማለሁ። ቤቷ አስገባታለሁ። መስኮቷ አጠገብ አስተኛትና በሁለቱም ቋንቋ ስታወራ እሰማታለሁ። ከአውቶቡሱ ወርዳ የሆስፒታሉን ደረጃ በሩጫ ወጣችው።

ሐኪሙን ያገኘችው እናቷ አልጋ ራስጌ ቆሞ ነው።

«መድኃኒቱ ይቁምልኝ» አለችው እያለከለከች። «ቤት ልወስዳት ነው።»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። አድርጎም አያውቅም፤ ታማሚዋ ቋንቋውን አትሰማም ብሎ ነው። «መድኃኒቱንማ ትናንት አቁመነዋል» አላት። «አልሠራላትም። ደሟ ወርዷል፣ ኢንፌክሽን ገብቶባታል። ወደ ቤት ለመውሰድ ዘግይቷል፤ መንገዱን አትችለውም፣ አምቡላንስ ውስጥ ታልፋለች። ያኔ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ሳምንት ቤቷ ተቀምጣ፣ የምትችለውን እየበላች፣ ከሰው ጋር እያወራች... አዝናለሁ። ግን ምርጫዋ ነበር። መሞከር መብቷ ነው።»

ልጅቷ ሐኪሙን አልነበረም የምታየው። ሌላ ሰው ሲናገር የእናቷን ፊት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ ትሰማ ነበር። «ዘግይቷል» ሲል የዓይኗ ቆብ ረገብ አለ። «ምርጫዋ ነበር» ሲል ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ መስኮቱ ከእሷ አልጋ ራቅ ብሎ ሌላ ታማሚ ዘንድ ነው። ይህ ፊት እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉ እንዲሁ ሲሰማ ኖሯል፤ ያየው አልነበረም እንጂ።

ከዚያ እናቷ አንገቷን ወደ ልጇ መለስ አደረገች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ምን... አለ... ልጁ?»

ልጅቷ ሹራቡን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ቀላሉ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ነገ ቤትሽ ትገቢያለሽ አለ ማለት።

«መድኃኒቱ አልሠራም አለ» አለች። «ትናንት አቁመነዋል አለ። ቤትሽ ለመግባት ዘግይቷል፣ መንገድ ላይ ትሞቻለሽ አለ። ያኔ ቢሆን ጥቂት ሳምንት ቤትሽ ተቀምጠሽ፣ ከሰው ጋር እያወራሽ...» እንደምንም ቀጠለችው። «አዝናለሁ አለ። ግን ምርጫዋ ነበር አለ።»

እናቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«አዎ» አለች። «እሱም ያለው... ይኼንኑ ነው።»

ልጅቷ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች በራሳቸው ቋንቋ። «በነሱ ቋንቋ አውሪኝ። እዚያ ማጠቢያው ቤት እንደምታወሪው። የፈለግሽውን በዪኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ ልስማሽ።»

እናቷ አፏን ከፈተች። የተላጠው ምላሷ ተንቀሳቀሰ፤ ትንፋሽ ወጣ፣ ከአፏ ጠርዝ ትንሽ ደም ወጣ፣ ቃል ግን አልወጣም። ራሷን በቀስታ ወዘወዘች። ከዚያ በጣቷ ሹራቡን አሳየች፣ ዳቦ ቤት እንደምታሳየው። ልጅቷ የእናቷን እጆች አንድ በአንድ እያነሳች አለበሰቻት። ሹራቡ ሰፍቷት ነበር።

ሐኪሙ አልሄደም። በማያውቀው ቋንቋ ሲነጋገሩ ቆሞ ጠብቋል። እናም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በትሕትና፣ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

ልጅቷ የሹራቡን ቁልፍ እየቆለፈች፣ ቀና ሳትል፣ «መድኃኒቱ ይቅርብኝ ብላለች» አለችው። «ቤቴ ልግባ፣ መስኮቴ አጠገብ፣ በራሴ አልጋ ልተኛ ብላለች።»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «አሁን እኮ ነገርኩሽ፣ አይቻልም...»

«አሁን አይደለም» አለች ልጅቷ። «ያን ቀን ነው ያለችው።»